ድኙ የወጣለት ናፍጣ

ኦብሴ ጂራታ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ ካለችው ከሆሞሻ ጋር የተዋወቀችው ነጭ አፈር ፍለጋ ወጥታ ነው። ባምባሲ ተወልዳ ያደገች፣ አሶሳ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ኬሚስትሪ የምታስተምር ሴት ነች። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የያዘችው ጥናት ከናፍጣ ውስጥ ድኝን እንዴት በቀላሉ ማውጣት ይቻላል የሚል ነበር፤ ተመርቃም አልለቀቃትም። ለሥራው የሚስማማ ነጭ ሸክላ ሆሞሻ ዙሪያ እንዳለ ስትሰማ የኮሌጁን መኪና ለምና ሄደች። አፈሩን በጆንያ ሞልታ ስትመለስ ነዳጅ አለቀና ሾፌሩ አንድ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ።

የወፍጮው ባለቤት ዓሚ ዐወድ ይባላሉ። "ዓሚ" በዚያ አገር አጎቴ እንደማለት ነው፤ ትልቅ ትንሹ እንዲሁ ነው የሚጠራቸው። ጀሪካን አውጥተው ክዳኑን ሲፈቱት የተበላሸ እንቁላል ሽታ ግቢውን ሞላው። ሾፌሩ ፊቱን አዞረ። ኦብሴ ግን ጎንበስ ብላ አሸተተች።

"ይኼ ከየት የመጣ ነው?"

"ከማዶ" አሉ ዓሚ ዐወድ፣ በአገጫቸው ወደ ሱዳን እያመለከቱ። "እዚያ ጦርነት ነው። ሰው በረሃ ላይ በበርሜል ያነጥራል። መጥፎ ነው። ግን ሌላ የለም። አሶሳ ማደያ ትሄዳለህ፣ ወረፋ ነው። በጀሪካን አይሰጥም። አንተ ምን ታደርጋለህ?"

አፋቸውን የፈቱት በቤርትኛ ነው። አማርኛን ከገበያ ስለለቀሙት ሴትና ወንድ አይለዩበትም፤ ኦብሴንም ከዚያች ቀን ጀምሮ "አንተ" እንዳሏት ቀሩ።

ማሽላ ይዘው ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሞተሩ ሲነሳ ከጭስ ማውጫው ቢጫና ጥቁር የተቀላቀለበት ጭስ ወጣ፤ ሴቶቹ ሁሉ ባንዴ ሻርፓቸውን አፍንጫቸው ላይ ጎተቱ። የዓሚ ዐወድ የበኩር ልጅ ሰዳም፣ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው፣ ከመደርደሪያ ላይ አንድ የተበላሸ የናፍጣ ፖምፓ አንስቶ አሳያት። ብረቱ ተቦርቡሮ ምስጥ የበላው እንጨት መስሏል።

"ይኼ አምና የገባ ነው" አላት። "አዲስ ነበር። ሞተሩ በቆመ ቁጥር እናቶች በሙቀጫ ነው የሚወቅጡት። አቅም ያለው አሶሳ ድረስ ጭኖ ይሄዳል።"

ኦብሴ ፖምፓውን አገላብጣ አየችው። ዓመታት በላቦራቶሪ ስትታገለው የኖረችው ነገር እጇ ላይ ተቀምጧል። "ድኝ ነው የበላው" አለች። "ማውጣት ይቻላል እኮ።"

ነገሩ የተጀመረው በዚህች አንድ አረፍተ ነገር ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ዕቃዋን ይዛ ተመለሰች። ናፍጣውን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አደረገች፤ ለቁስል ማጠቢያ ከሚሆነው እጅግ የበረታ ፐሮክሳይድና ትንሽ አሲድ ጨመረች፤ በመጨረሻ ከነጩ ሸክላና ሞሊብዲነም ከሚባል ብረት ያዘጋጀችውን ግራጫ ዱቄት በማንኪያ ጫፍ ነሰነሰችበት። ዓሚ ዐወድና ሰዳም ጎንና ጎን ቆመው ያያሉ።

"ዱቄቱ ምንድነው?" አሉ ዓሚ ዐወድ።

"ካታሊስት ይባላል። ድኙና ከፐሮክሳይዱ የሚወጣው ኦክስጅን ብቻቸውን ቢተዉ ሲገፋፉ ይውላሉ። ይኼ ያገናኛቸውና እሱ ምንም ሳይቀነስበት ይወጣል። እንደ ደላላ ያዩት፣ ዓሚ።"

"ኮሚሽን የማይወስድ ደላላ?"

"የማይወስድ።"

"ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ደላላ ገበያ ላይ የለም!" ብለው ሳቁ።

ድኙ ኦክስጅን ሲይዝ ጠባዩ ይለወጣል፤ ናፍጣውን ትቶ ወደ አልኮል ይሄዳል። ኦብሴ ናፍጣውን በአልኮል ስታጥበው ቆሻሻው ከሥር ዘቀጠ፣ ላዩ እንደ ማር ብርቱካንማ ሆኖ ጠራ። ሰዳም አሸተተው፤ ደግሞ አሸተተው። በአንድ አሮጌ የውሃ ፓምፕ ሲሞክሩት ጭሱ ሳስቶ ከፀሐዩ ብርሃን ሊለይ አልቻለም። ካገባት ገና ዓመት ያልሞላት የሰዳም ሚስት ኢንቲሳር ከጓዳ ወጥታ "ዛሬ ናፍጣ አይደለም እንዴ?" አለች፤ ሽታው ስላልመጣባት።

ከዚያ ወዲህ ኦብሴ ቅዳሜና እሁድ ሆሞሻ ሆነች። የሰዳም እጅ ቀልጣፋ ነበር። አንድ ጊዜ ያሳዩትን አይረሳም፤ "ቲቸር" እያለ ጥያቄ ያበዛል። ከብርጭቆ ወደ ባልዲ፣ ከባልዲ ወደ ፕላስቲክ በርሜል ተሸጋገሩ። ወሬው ተሰማ። የጤና ጣቢያው ጀነሬተር በመጥፎ ናፍጣ ታሞ ስለነበር ከእነሱ ወሰዱ። ቀጥሎ የውሃ ፓምፑ ኮሚቴ መጣ። ሴቶቹ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ በሻርፓቸው ሳይሸፋፈኑ መቀመጥ ጀመሩ። አንዲት አሮጊት ኦብሴን መንገድ ላይ አቁማ እጇን ስማታለች።

ከእሷ ጋር አንድ ክፍል የሚያስተምረው እንዳለ የሚባል ባልደረባዋ ግን ነገሩን ሲሰማ ፊቱ አልተፈታም።

"በብርጭቆ ስትሠሪ ሙቀቱ በየጎኑ ይወጣል" አላት። "በርሜል ሆዱ ሰፊ ነው። የመሃሉ ሙቀት የት ይሄዳል?"

"ቀስ እያልን ነው የምንጨምረው።"

"አንቺ ቆመሽበት ሲሆን ነው ቀስ የሚባለው።"

"ሰዳም ከተማሪዎቻችን ሁሉ ይሻላል" አለችው። ውሸት አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ፕላስቲኩ በርሜል ከሙቀትና ከናፍጣ የተነሳ ለስልሶ ሲሰነጠቅ ነው። ሌላ ፕላስቲክ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረባት። ነገር ግን የጤና ጣቢያው ቀን ከቀን ይደውላል፤ ደግሞም በዚያው ሰሞን ከክልሉ መሥሪያ ቤት የመጣ ኮሚቴ ሥራዋን ሊሰማ ቀጠሮ ይዞላት ነበር፤ ከወደደው ሰፋ ያለ ቦታና መሣሪያ ሊሰጣት ነው። "የቆመ ሥራ ነው" ብላ ልትቀርብ አልፈለገችም። ሰዳም አንድ የብረት በርሜል ከግቢው ጥግ አንከባሎ አመጣ።

"ይኼስ፣ ቲቸር?"

ዝገት ፐሮክሳይድን እንደሚያፈርሰው፣ ሲፈርስም ሙቀትና ኦክስጅን ባንዴ እንደሚለቅ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ጽፋ የምታስተምረው እሷ ናት። በርሜሉን በእጅ ባትሪ አየችው። "ውስጡን በደንብ ፍቀህ ቀለም ቀባው" አለችው። "ለአሁኑ ይሁን።"

ጎረቤቶች ደግሞ የአሲዱ ሽታ ልጆቻችንን እያሳለ ነው ብለው ነበርና፣ ክዳኑንም ገጥሞ እንዲሠራ፣ ትንሿን ቀዳዳ ብቻ ክፍት እንዲተው ነገረችው።

ኮሚቴው የተቀመጠው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ነው። ኦብሴ ሁለት ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አቁማለች፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ የጠራ። ሰዎቹ ጠርሙሶቹን እየተቀባበሉ ሲያሸቱ፣ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሰዳም ነው። ይቅርታ ጠይቃ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

"ቲቸር፣ በርሜሉ ዛሬ ጠባዩ ሌላ ነው። እጅ አያስነካም። ውስጡ ይንጣጣል።"

"ቀዳዳው ክፍት ነው?"

"ክፍት ነው፤ ግን አረፋ እየወጣ ይደፍነዋል።"

በሩ ተከፍቶ የኮሚቴው ሰብሳቢ አንገቱን ብቅ አደረገ። ፈገግ ብሎ፣ እየጠበቅንሽ ነው በሚል ዓይን አያት። ኦብሴም ፈገግ አለች።

"መሞቁ የተለመደ ነው" አለችው ሰዳምን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እርጥብ ጆንያ አልብሰው። ውሃ አፍስስበት። ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እደውልልሃለሁ።"

ስልኩን ድምፅ አልባ አድርጋ ገባች። በኋላ በየቀኑ እንደምታስበው፣ ትክክለኛው መልስ አንድ ቃል ነበር፤ ውጡ። በርሜሉን፣ ናፍጣውን፣ ወፍጮውን ሁሉ ትታችሁ ውጡ። ቃሉን ታውቀው ነበር። ሰብሳቢው ሲጠይቃት ደግሞ ስለ አደጋ መከላከል ረጋ ብላ፣ አምሮላት፣ ብዙ ተናገረች። አጨበጨቡላት።

ስትወጣ ስልኳ ላይ የማታውቃቸው ቁጥሮች ተደርድረዋል። የሰዳም ቁጥር የለበትም። የመጀመሪያውን ስትደውል የጤና ጣቢያው ነርስ አነሳ። "ወፍጮ ቤቱ ተቃጥሏል" አላት። "ልጁን ወደ አሶሳ እያመጡት ነው።"

እንዳለ በሞተር ብስክሌቱ አፈናጥጦ ወደ ሆስፒታሉ ወሰዳት። አምቡላንሱ ከእነሱ ቀድሞ ደርሶ በሩ ተከፍቷል። ዓሚ ዐወድ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀለቢያቸው እጅጌው ድረስ ጠልሽቷል፤ የግራ እጃቸው መዳፍ ተልጧል፤ መላጡን ግን ያወቁት አይመስሉም። ሰዳምን በአልጋ ሲገፉት ኦብሴ ፊቱን አላወቀችውም። ያወቀችው ጫማውን ነው።

ለመጣው ሁሉ ሲነገር የዋለው ይኼ ነው። ሰዳም ኢንቲሳርን ውሃ እንድትቀዳ ልኮ፣ ጆንያ አልብሶ፣ ጭሱ ሲብስበት የተደፈነውን ቀዳዳ በሽቦ ሊከፍት ተጠጋ። ኢንቲሳር ባልዲዋን ተሸክማ ግቢው በር ላይ ስትደርስ በርሜሉ ፈነዳ። የሚነደው ናፍጣ ጣሪያውን ይዞ ወጣ። ዓሚ ዐወድ ልጃቸውን የጎተቱት በዚያ እጃቸው ነው።

ሰዳም ወደ አዲስ አበባ ይላክ አይላክ እየተባለ፣ አውሮፕላን እየተጠየቀ፣ ሐሙስ ቀን አረፈ። ሆሞሻ ወስደው ቀበሩት።

ኦብሴ ለቅሶ የሄደችው ሰው እንዴት ይቀበለኛል እያለች ነው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ቦታ ለቀው አስቀመጧት። ሽማግሌዎቹ ብቻ፣ በጨዋ ደንብ፣ ምን እንደሆነ ጠየቋት።

"በርሜሉ ዝጎ ኖሮ ነው" አለች። "ዝገቱ ቀለሙን ሰንጥቆ ወጥቶ ኖሮ፣ ፐሮክሳይዱን አፈረሰው። ሊታወቅ አይችልም ነበር።"

ለፖሊስም ያንኑ ቃል ሰጥታ ነበር። ስለ ስልኩ አልተናገረችም፤ የጠየቃትም የለም። ዓሚ ዐወድ በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ።

"ቀደር ነው፣ ያ ቢንቲ" አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "አላህ የጻፈው ነው። አንተ ለደግ ነው የሠራህ። አታልቅስ።"

ሰው ሁሉ "እውነት ነው" አለ። ኦብሴ ቀና ስትል በሴቶቹ በኩል ኢንቲሳርን አየቻት። ሆዷ ገፋ ብሏል። አታለቅስም። ኦብሴን ብቻ ትኩር ብላ ታያታለች።

ከዚያ በኋላ ኦብሴ እያስተማረች ነው፣ እየበላች ነው፣ ሰው ሰላም ሲላት ሰላም እያለች ነው። የኮሌጁ ላቦራቶሪ ውስጥ ግን መግባት አልቻለችም። እንዳለ አንድ ቀን "ራስሽን አትጉጂ፤ አንቺ እዚያ አልነበርሽም" ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ። አልነበርኩም፣ አለች በልቧ፤ ድምፄ ግን ነበር።

ዝናቡ በጀመረበት ሰሞን የኮሌጁ ጥበቃ እንግዳ አለሽ ብሎ አስጠራት። ኢንቲሳር በሩ አጠገብ ቆማለች። ባጃጅ ያወረዳት ቦታ ላይ እንደቆመች ነው፤ ጥላ ሥር እንኳ አልተጠጋችም። ኦብሴ ወደ ውስጥ ልትጋብዛት ስትሞክር ራሷን ነቀነቀች።

"ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር" አለች።

ኦብሴ ልትጋብዛት የዘረጋችውን እጅ መለሰች።

"እሱ እጁ ናፍጣ ስለነካ እኔ ነበርኩ የያዝኩለት። የተለመደ ነው አልሽ። ውሃ አፍስስ አልሽ። ውሃ አምጪ ብሎ የላከኝ አንቺ ስላልሽ ነው።"

"ኢንቲሳር..."

"ቆይ። ለቅሶው ላይ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። ዝገት ነው አልሽ። ከዚያም ጠበቅኩ። ዓሚ በየሶላቱ ለአንቺም ዱዓ ያደርጋል። እኔ አጠገቡ ሆኜ እሰማለሁ። ከዚህ በላይ መስማት አልችልም።"

"ለምን አልነገርሻቸውም?"

"አንቺ ነሽ የምትነግሪው" አለች ኢንቲሳር። "እኔ ከነገርኩት እሱ የሚሰማው የእኔን ሐዘን ነው። አንቺ ከነገርሽው ግን እውነቱን ይሰማል።" ሻርፗን አስተካክላ ወደ መንገዱ ወጣች። ኦብሴ ልትከተላት እግሯን ብታነሳም አልቻለችም።

በማግሥቱ ጠዋት ሆሞሻ ሄደች። ዓሚ ዐወድ የተቃጠለውን ጣሪያ ቆርቆሮ ሲለዩ አገኘቻቸው፤ የግራ እጃቸው ጣቶች ተጣብቀው አይዘረጉም። ቁጭ ይበሉልኝ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው። የደወለውን፣ ያለችውን፣ ስብሰባውን። ዝገት መኖሩን አስቀድማ ታውቅ እንደነበርም ነገረቻቸው። ስትጨርስ ዓሚ ዐወድ ቀና አሉ።

"ውጣ ብትለው ይወጣ ነበር?"

"ይወጣ ነበር፣ ዓሚ። ሰዳም ያልኩትን ሁሉ ነበር የሚያደርገው።"

"አዎ" አሉ። "ያልከውን ያደርግ ነበር።" ድምፃቸው አልጨመረም። "እኔ አንተን ሳጽናና ነበር። ሰው ፊት። ልጄን ቀብሬ አንተን አታልቅስ አልኩ። አንተ ዝም ብለህ ተቀበልክ።"

ኦብሴ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ተነስተው ሸሹ። ዞረው ሳያዩ ወደ ቤት ገቡ፤ በሩንም ዘጉት።

ከዚያው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን አስተካከለች። መርማሪው ደጋግሞ "እርግጠኛ ነሽ?" ይላታል፤ የተዘጋ ጉዳይ መክፈቱ ከብዶት ነበር። መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ተላከ። ኮሌጁ ነገሩ እስኪጣራ ከሥራ አገዳት። ሽማግሌዎች በመሃል ገብተው ሊያስታርቁ ሲሞክሩ ዓሚ ዐወድ አልከስም አሉ፤ አልታረቅምም አሉ። "ስሟን አታምጡብኝ" ብቻ አሉ፤ ሽማግሌዎቹ እንደነገሯት ከሆነ።

አንድ ነገር ቀረ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው መጋዘን ሳትቃጠል ተርፋ ነበርና፣ ውስጧ የፐሮክሳይድ ጀሪካኖች ተቀምጠዋል። ሰው ሁሉ ፈርቶ በዚያ በኩል ማለፍ ትቷል። የቀበሌው ሊቀመንበር ደውሎ "ያመጣሽው ነው፤ ነይና አንሺልን" አላት።

ጠዋት ደረሰች። ከግቢው ራቅ ያለ ቦታ ጉድጓድ አስቆፍራ ሠራተኞቹን አሰናበተቻቸው። ፐሮክሳይዱ በብዙ ውሃ ካልቀጠነ አይደፋም፤ ውሃ ደግሞ ከወንዝ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያውን ጀሪካን ከፍታ፣ በቀጭኑ እያንቆረቆረች፣ ያመጣችው ውሃ ከግማሽ ሳይደርስ አለቀባት። ጀሪካን አንስታ ወደ ወንዙ ልትወርድ ስትል የአህያ ኮቴ ሰማች። ዓሚ ዐወድ ናቸው። አህያቸው ላይ በሁለት በኩል ውሃ ጭነዋል።

"ይራቁ፣ ዓሚ፤ አደገኛ ነው" አለች።

በጤነኛው እጃቸው ውሃውን አውርደው አጠገቧ አስቀመጡና ሊያመጡ ተመለሱ። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። እሳቸው ያመጣሉ፣ እሷ ትቀይጣለች፣ ትደፋለች። ጉድጓዱ እየተንጣጣ አረፋ ያወጣል፤ ከዚያ አፈሩ ይጠጣዋል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ከጫኑት ውሃ በጣሳ ቀድተው አጠገቧ መሬት ላይ አኖሩላት፤ እጇ ላይ አልሰጧትም። ጠጣች።

የመጨረሻው ጀሪካን ባዶ ሲሆን ኦብሴ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። እጇ በጓንቱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ተሸብሽቧል።

"አለቀ?" አሉ ዓሚ ዐወድ።

"አለቀ።"

የአህያውን ገመድ ሰበሰቡ። ወደ ጉድጓዱ ሳይሆን ወደ አሶሳ ወደሚወስደው መንገድ አዩ።

"እንግዲህ ሂድ" አሉ። "ኢንቲሳር ከገበያ ይመለሳል። እዚህ አያገኝህ።"

ኦብሴ ባዶዎቹን ጀሪካኖች በገመድ አስራ ተሸከመችና መንገዱን ያዘች።